ጥበብ የተባለው ጥለት፤ ስለ ጎንደሩ የሐር መጋረጃ

በአማርኛችን «ጥበብ» የሚባለው ቃል ሁለት ነገር ይዞ ይኖራል። አንደኛው ንጉሥ ሰሎሞን ከአምላኩ የለመነው፣ ሊቃውንትም በመጻሕፍት ሲፈልጉት የኖሩት፣ ዛሬም «ኪነ» የሚለውን አስቀድመን ሥነ ጽሑፉን፣ ሥዕሉንና ዜማውን በአንድነት የምንጠራበት ታላቅ ስም ነው። ሁለተኛው በቀሚስ ጫፍና በነጠላ ዳር በቀለም ክር የሚሸመነው ጌጥ ነው። እናቶቻችን «ጥበብ ቀሚስ» ሲሉ ስለ ፍልስፍና መናገራቸው አይደለም፤ ለበዓል ከሣጥን ስለሚወጣው ልብሳቸው ነው። ሆኖም ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ በድንገት የሆነ አይመስለኝም። ክሩን እየቆጠረ ቀለሙን ያሰማመረው ሰው ያሰበው አሳብ እንዳለ፣ ቃሉን ያወጡት አባቶች ተረድተውት ኖሯል ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ስም የተሰጠው ሥራ፣ ሠሪው ሲጠራ ግን ስሙ ይለወጣል። «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ስድብ ያልሰማ የደጋ ልጅ ጥቂት ነው። ሸማኔው ልብሱን ሠርቶ ሲያመጣ በደስታ የሚቀበለው፣ ለልጁ ጋብቻ ሲልክበት ግን ፊቱን የሚያዞርበት ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን መከልከላቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ከአዋጁም በኋላ ስድቡ ቀስ በቀስ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ። በስፍራው የተተካው ዝምታ ነው። ስለ ሥዕል የሚጽፍ አለን፤ ስለ ቅኔ የሚከራከር አለን። አንድን ሸማ ወይም አንድን መጋረጃ እንደ አንድ ድርሰት አንሥቶ «እዚህ ላይ ተሳካለት፣ እዚህ ላይ ጎደለው» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም። «ባህላችን ነው፤ ደስ ይላል» ብለን እናልፈዋለን። እንዲህ ያለው ምስጋና ከስድቡ የተሻለ ቢሆንም፣ ሠሪው ያሰበውን ለማወቅ አለመድከም ስለ ሆነ ከስድቡ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሽመና በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ ሥራ ብቻ መርጬ፣ ሥዕልን በምናይበት ዓይን ለማየት እሞክራለሁ። የመረጥሁት በሎንዶን ከተማ የብሪቲሽ ሙዝየም ንብረት ተብሎ የተመዘገበውን፣ በተለምዶ የጎንደር መጋረጃ የሚባለውን ታላቅ የሐር ሥራ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። በቁመት የተሸመኑ ሦስት ረጃጅም ክፍሎች ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ሆነዋል። የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ሐሩ ከውጭ አገር፣ ምናልባትም ከቻይና የመጣ ነው። ከእርሱ ጋር ወገን የሆኑ ሥራዎች በካናዳ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዝየም አሉ። በመጋረጃው ላይ ሰዎች ተሰልፈው ቆመው ይታያሉ። ከእነርሱም መካከል ነገሥታት የሚመስሉ፣ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎችና ካህናት አሉ። የሙዝየሙ ሊቃውንት ከ1721 እስከ 1730 በፈረንጅ አቆጣጠር የነገሡትን ዐፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ኢያሱን የሚያሳይ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። የሥራው ቦታ ግን አከራካሪ ነው። ፕሮፌሰር ማይክል ጄርቨርስ በ2004 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት እነዚህን መጋረጃዎች ከትግራይ ጋር አያይዘዋቸዋል። እኔ «የጎንደር» የምለው በተለመደው ስሙ ለመጥራት ያህል እንጂ ክርክሩን ለመቁረጥ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ሥራ መልክ ያለ አሠራሩ አይገባም።

የሽመና ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። እናት ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይከትታል፤ መርገጫውን በረገጠ ቁጥር የድሩ እኩሌታ ይነሣል፤ በተከፈተውም መንገድ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። ጥለት ወይም ጥበብ መሥራት ሲፈልግ የቀለሙን ክር በጣቱ እየለየ በማጉ በኩል ያስገባል። እንግዲህ በዚህ አሠራር ጌጡ የሚመጣው ከማጉ ነው ማለት ነው። ድሩ ሜዳ ነው፤ ሸማኔውም በሜዳው ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ዛሬ ቀይ ጨምሮ ነገ አረንጓዴ ቢያደርገው የሚከለክለው የለም።

የጎንደሩ መጋረጃ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። መርገጫ የለውም። በእያንዳንዱ ማዕዘኑ አንድ አንድ ቀዳዳ ያለው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ይዘጋጃል። ሰሌዳው ከቆዳ ወይም ከእንጨት ወይም ከቀንድ ሊሆን ይችላል። በአራቱ ቀዳዳዎች አራት የድር ክሮች ያልፋሉ። ሰሌዳው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲዞር ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይገመዳሉ፤ ከአራቱም ተራው የደረሰው ቀለም ወደ ላይ ይወጣል። ማጉ በመካከል እያለፈ ክሮቹን ያስራቸዋል እንጂ እርሱ ራሱ አይታይም። አንድ ሰሌዳ 4 ክር ከያዘ መቶ ሰሌዳ 400 ክር ይይዛል። ቀጭን ሐር ደግሞ ይህን ያህል ስፋት እንዲሸፍን ለአንዱ ክፍል ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። እነዚህ ሁሉ በየረድፉ፣ አንዳንዱ ወደ ፊት፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ፣ አንዳንዱም ባለበት እንዲቆይ ተደርጎ ይዞራሉ። በዚህ ዘዴ መቀነትና ጠፍር የመሰለ ጠባብ ነገር መሥራት በብዙ አገር የታወቀ ነው። 5 ሜትር የሚረዝም፣ ሰው የሚታይበት መጋረጃ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ አሠራር ከተሠሩት መካከል ይህን የሚያህል ብዙ አይታወቅም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል። ጌጡ ያለው በድሩ ውስጥ ነው። ድሩ ሲዘረጋ የእያንዳንዱ ሰሌዳ አራት ክር ቀለሙ ተወስኗል። በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ ከእነዚያ ክሮች በቀር ሌላ ቀለም ሊወጣ አይችልም። ሠዓሊ ፊቱን ከሠራ በኋላ ካባውን በምን ቀለም ላድርገው ብሎ ሊያስብ ጊዜ አለው፤ ደግሞም ካላማረው ያጠፋዋል። ይህ ሸማኔ ግን የጠባቂውን ጠመንጃ፣ የእቴጌይቱን ልብስና የካህኑን እጅ፣ ገና የመጀመሪያውን ማግ ሳያስገባ፣ በአሳቡ አይቶ ቀለማቸውን በክር ከፍሎ መጨረስ ነበረበት። በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢሳሳት ስሕተቱ እንደ ወንዝ እስከ መጨረሻው አብሮት ይወርዳል። የቅኔ መምህራን ቤቱ ሳይመታ ቅኔው አይወጣም ይላሉ፤ እዚህም ቤቱ አስቀድሞ የተመታ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው፣ በዚህ ሥራ ላይ የሚሰነዘረውን አንድ ወቀሳ በቀላሉ አይቀበልም። ወቀሳው ሰዎቹ ድርቅ ያሉ ናቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ትከሻቸው ማዕዘን አለው፤ እግራቸው እንደ ምሰሶ ቆሟል፤ ሁሉም ፊት ለፊት ያያሉ። በዚያው ዘመን በጎንደር ሥዕል ውስጥ የልብሱ እጥፋት በጥላ ሲለሰልስ፣ ጉንጩ ሲሞላ እናያለን። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው የእነዚያን መላእክት ዓይን አይረሳም። ከዚያ ወደ መጋረጃው ቢመለስ ሸማኔው መሳል ያቃተው ሊመስለው ይችላል። ግን ሸማኔው ከሠዓሊው ጋር በአንድ ሜዳ አልተሰለፈም። በተገመደ ድር ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ወደ ጎን የሚያዘነብል መስመር ግን ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ካልሆነ አይሄድም። ሸማኔው ይህን ሕግ ለማታለል አልሞከረም። ክብ ለማስመሰል አልደከመም፤ ሰዎቹን በሕጉ አቆማቸው። በቤተ መንግሥት ሥርዐት ፊት የቆመ ባለሟል ደግሞ ድርቅ ብሎ ካልቆመ እንዴት ሊቆም ኖሯል? የክሩ ጠባይና የሥርዐቱ ጠባይ አንድ ላይ ገጠሙ። እኔ የሥራውን ታላቅነት የማየው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የቁስ ሕግ በሠሪው አሳብ ላይ ያለውን ሥልጣን ለማሳየት፣ ከሩቅ አገር አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ባመጣ ነገሩ ይብራራል። ሳይፈተልና ሳይሸመን የሚሠራ የሱፍ ጨርቅ አለ፤ ፌልት ይሉታል። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥቦ የተጸጸተ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። የበግ ጠጕር በላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር ስላለው በሙቅ ውሃ ርሶ፣ ታሽቶና ተደቁሶ እርስ በርሱ ሲያያዝ ሊለያይ አይችልም። በዚህ ዓይነት የተሠራ ጨርቅ ድርም ማግም ስለሌለው፣ ምላጩን በፈለጉት አቅጣጫ ቢያዞሩት አይተረተርም። በመካከለኛው እስያ ያሉ ከብት አርቢዎች ቤታቸውንም ምንጣፋቸውንም ከዚሁ ሲሠሩ ኖረዋል። በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች ፓዚሪክ በሚባል ስፍራ ሰርጌይ ሩዴንኮ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1949 በፈረንጅ አቆጣጠር የከፈተው መቃብር በበረዶ ተይዞ ስለ ቆየ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይበሰብስ ተገኝቷል። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዝየም ይገኛል። ከተገኙትም አንዱ 4 ሜትር ተኩል በ6 ሜትር ተኩል የሚሆን የግድግዳ መጋረጃ ነው። በላዩ ላይ በዙፋን የተቀመጠች፣ ቅርንጫፍ የያዘች ሴትና በፈረስ ወደ እርስዋ የሚመጣ ሰው ተደጋግመው ይታያሉ። በዚያ ሥራ ላይ የፈረሰኛው ካባ በነፋስ ወደ ኋላ ይበርራል፤ ቅርንጫፉም እንደ ሐረግ ይጠመዘዛል። ከዚሁ መቃብር የተገኙት የፌልት ዝይ መሰል ወፎች ደግሞ አንገታቸው እንደ ሕይወት ያለው ሆኖ ታጥፏል።

ሁለቱን መጋረጃዎች በአሳባችን ጎን ለጎን እንስቀላቸው። ሁለቱም የገዢን ክብር የሚያሳዩ ናቸው። አንዱ ይበርራል፤ አንዱ ይቆማል። በፌልቱ ላይ መስመሩ የምላጩ ነው፤ በሐሩ ላይ መስመሩ የድሩ ነው። የኪርጊዝ ሴቶች ሺርዳክ የሚባለውን ምንጣፍ ሲሠሩ ሁለት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ፌልቶች ደራርበው አንድ ዓይነት ቅርጽ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ የአንዱን ቅርጽ በሌላው ጎድጓዳ ይገጥማሉ። ስለዚህ ቅርጹና መደቡ እኩል ክብር አላቸው፤ የቱ ጌጥ፣ የቱ ባዶ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ይህም ከቁሱ የተወለደ አሳብ ነው። ይህ ሙያ እየጠፋ ነው ተብሎ በ2012 በፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የጎንደሩን ሸማኔ ድርቅ አልህ ብሎ መውቀስ፣ የፓዚሪኩን ሠሪ አልቆም አልህ ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ወደ መጋረጃው ልመለስ፤ ገና ያልተነገረ አለና። መጋረጃ በቤተ ክርስቲያን ያለው ሥራ መሸፈን ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ቅድስት የደረሰ ምእመን ከመቅደሱ የሚለየው በመጋረጃ ነው። ከበስተኋላው ያለው ምሥጢር እንዳይታይ፣ ደግሞ መኖሩ እንዲታወቅ፣ ሁለቱንም የሚያደርገው መጋረጃው ነው። ይህ መጋረጃም ለዚሁ አገልግሎት የተሠራ እንደ ሆነ ይታመናል። እንግዲህ በዚያ ስፍራ ላይ ቅዱሳንን ብቻ ሳይሆን በዘመኑ የኖሩ ነገሥታትን ከነጠባቂዎቻቸው ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ ወደ ታቦቱ የሚያይ ሕዝብ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቤተ መንግሥቱን ነው። ባልዋ ከሞተ በኋላ ለሕፃን ልጅዋ ሞግዚት ሆና አገር የገዛች፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠራች እቴጌ፣ ይህ ዓይነቱ ምስል ምን እንደሚናገር ሳታውቅ አትቀርም። መጋረጃው እግዚአብሔርን ይሰውራል፤ መንግሥትን ይገልጣል። ሸማኔው ይህን አስቦ ይሁን ታዝዞ አንመረምርም፤ ሥራው ግን ይህን ይናገራል።

ጉድለቱንም ልናገር፤ አለዚያ የወቀስሁትን ዓይነት ምስጋና እኔው ደገምሁት ማለት ነው። ፊቶቹ አንድ ናቸው። ነገሥታቱን ከባለሟሎቻቸው የሚለያቸው አለባበሳቸውና ቦታቸው ብቻ ነው። የድሩ ሕግ ትከሻን ማዕዘናም ማድረግን ግድ ይላል እንጂ ሁሉን ሰው አንድ ዓይነት ዓይን መስጠትን ግድ አይልም፤ ሰሌዳ በማዞር ቅንድብ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ሸማኔው ቢደፍር ኖሮ፣ ዛሬ «ይህች ምንትዋብ ናት» ለማለት ግምት ባላስፈለገን ነበር። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፤ ምናልባትም የነገሥታትን ፊት ለይቶ መሥራት እንደ ድፍረት ታይቶበት ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከፎቶግራፍ ነው። ይህን መናገር ለአንድ ሐያሲ የሚያሳፍር ነው፤ ግን ማፈር ያለብኝ እኔ ብቻ አይደለሁም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዝየም ሰው ከጦሩ ጋር ነበር። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ በደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ዘውዱና ስለ ጽላቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ከብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዝየምም በ2019 በፈረንጅ አቆጣጠር የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ተመልሷል። ስለ መጋረጃው የሚነሣው ድምፅ ግን ዝቅ ያለ ነው። መጽሐፍ በርቀት ሊነበብ ይችላል፤ ገጹ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢመጣ ቃሉ ያው ነው። ሽመና ግን የሚነበበው በጣት ነው። ክሩ ወደ የት እንደ ተገመደ፣ ሰሌዳው የት ላይ አቅጣጫውን እንደ ለወጠ፣ ስሕተቱ የት እንደ ተሰወረ ለማወቅ ጨርቁን ማገላበጥ ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ይማራል፤ የሽመና ተማሪ ግን መምህሩ ተሰርቆበታል።

የቀረው ምን ይመስላል? በመንዝ ብርድ ውስጥ ከበግ ጠጕር የሚሸመነው ባና፣ ቀለም ሳይነካው የበጉን ጥቁረትና ቡናማነት እንደ ያዘ፣ በጭምትነቱ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ የሚሠሩት ጥለት በየዓመቱ ይለዋወጣል። መልካም አለ፤ ከመጠን በላይ የተጨናነቀም ብዙ አለ። ይሁን እንጂ ልብሱ በመድረክ ላይ ሲታይ የሚጠራው የዲዛይነሩ ስም ነው፤ ጥለቱን በጣቱ የቆጠረው ሰው ስም በየትም አይሰማም። በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ ጥለት በገበያ ላይ ከእጅ ሥራው ጎን በርካሽ ሲሰቀልም፣ ገዢው ልዩነቱን የሚያይበት ዓይን አላስተማርነውም። በሌላ በኩል ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍን በሸራ ላይ እየሰፋ የሠራቸው ሥራዎች በ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ፣ በሳንታ ሞኒካ ሙዝየም ታይተዋል። የትርኢቱ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» ነው። ክብሩ የሚገባው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ክር በሸራ ላይ ሲሰፋ ጥበብ ተብሎ በሠሪው ስም ሲጠራ፣ ያው ክር በድር ውስጥ ሲገባ ዕቃ ሆኖ ስም ማጣቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት የመጋረጃውን ፎቶግራፍ ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከጉድጓዳቸው ሳይወጡ ተቀበሉኝ። ንጉሡን፣ ጠባቂዎቹን፣ ጠመንጃውን ሁሉ አላዩትም። የቀኝ አውራ ጣታቸውን በአንዱ ሰው ትከሻ ላይ አሳርፈው፣ ቀለሙ የሚሰበርበትን ደረጃ በከንፈራቸው እየቆጠሩ ወደ ታች ወረዱ። «ይህ በመርገጫ የተሠራ አይደለም» አሉኝ። አይደለም አልኋቸው፤ ስለ ሰሌዳዎቹም እንደ ቻልሁ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ፎቶግራፉን ገለበጡት። በስተጀርባው ነጭ ወረቀት ነው።

«ጀርባውን አላመጡትም?» አሉኝ።